ሦስተኛው ጋሪ

ልጄ ኦርሊ የምትኖረው ዐጋሚም የሚባል ሰፈር ነው፤ ከአዲሶቹ ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ። ሕንፃው ሁለት አሳንሰር አለው። ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ስሄድ አንደኛው ተበላሽቶ ነበር፤ ከሥራ የተመለሰው ሰው ሁሉ ከታች ተከማችቷል፤ ሕፃን የታቀፈ፣ የገበያ ከረጢት ያንጠለጠለ፣ ውሻውን የሚጎትት። ጠጋኙ ወለሉ ላይ ካርቶን አንጥፎ ተንበርክኳል፤ እጁ እስከ ክርኑ በግራሶ ጠቁሯል። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ግራሶና የጋለ ብረት። ሠላሳ ዓመት ያለፈውን ነገር ያ ሽታ እንደ ትናንት አድርጎ አመጣብኝ። «አንድ ማዓሊት ስለቆመ ብቻ ይሄ ሁሉ ቶር?» አለ አንድ ጎረምሳ ሰዓቱን እያየ። በዕብራይስጥ ማዓሊት የሚሉት አሳንሰሩን ነው፤ ቶር ደግሞ ወረፋውን። ለምን እንደሆነ ላስረዳው እችል ነበር። በዚህ አገር ጠንቅቄ የተማርኩት አንድ ትምህርት ቢኖር እሱ ነው፤ ስንት ጋሪ ሲኖር ስንት ሰው እንደሚያልፍ፣ ስንቱስ ቆሞ እንደሚቀር።

«ይቅርታ፣ አንተ ደርሶ አይደለህም? ከአባቴ ጋር የሠራኸው?»

ዘወር ስል አንዲት ወጣት ሴት ናት፤ የመሥሪያ ቤት መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። እዚህ የተወለዱት ልጆች አንቱ ማለት አይሆንላቸውም፤ ለምጄዋለሁ፣ አይከፋኝም። ማን እንደሆነች ሳትነግረኝ አወቅኳት። ያ ሰፊ ግንባር፣ ሰው ሲናገር አንገቱን ዘንበል አድርጎ የማዳመጥ ነገር፣ የአያ ፈንታ ነው። ሲጋል ትባላለች። እዚያው ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ከባሏ ጋር ቤት የገዙት በቅርቡ ነው፤ እንደ ልጄ እነሱም በሚሽካንታ፣ በባንክ ብድር። ፖሌግ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ትሠራለች። «አባቴ ስላንተ ያወራልናል» አለችኝ። «ምን ይላል?» አልኳት። «ሒሳብ በጭንቅላቱ ይሠራ ነበር ይላል። ሁላችንም ወረቀት ስንፈልግ እሱ ጨርሶ ይጠብቀን ነበር ይላል።» ሳቀች። «እነሱ አሁንም ራማት የዲዲም ናቸው፣ የድሮው ቤት። ለምን አትመጣም? ላማ ሎ? ቀኑን ሙሉ ብቻውን ነው፤ ሰው ሲመጣለት ደስ ይለዋል።» የሚሠራው አሳንሰር ወረደና በሩ ተከፈተ። እሷ ገባች፤ እኔ «ሂጂ፣ በኋለኛው እመጣለሁ» አልኳት። በደረጃ ነው የወጣሁት። አሥራ አራት ፎቅ፣ በዚህ ጉልበቴ።

አሁን እነዚህ ሕንፃዎች ከቆሙበት ብዙም ሳይርቅ ያኔ አሸዋ ነበር። አሸዋና ቁጥቋጦ፣ ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሐምራዊ አበባ። ከአሸዋው ዳር አንድ ትንሽ ሉና ፓርክ፣ የመጫወቻ ቦታ፣ ነበረ። ስሙን ብጠራው ዛሬ የሚያስታውሰው የለም፤ የኖረውም ጥቂት ዓመት ነው። እኔ ያንን ቦታ ሳስብ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ዋጋው ነው። አንድ ካርቲስ፣ ትኬቱ ማለት ነው፣ አምስት ሼቄል፣ ሦስት ካርቲስ ለሚገዛ አሥራ ሁለት። ግማሽ ፈላፈል በሦስት ሼቄል ይገኝ ነበር፤ ሻጩ የየመን ሰው ነው፣ ለእኛ ሠራተኞች ቂጣውን እስኪቀደድ ይሞላልናል። የአያት ጸጉር የሚሉት በእንጨት ላይ የሚጠቀለል ሮዝ ስኳር ነበረ፤ ስሙን ስሰማው ያስቀኝ ነበር። የሰዉ ልብስ ደግሞ! ሴቶቹ ወገባቸው ከእምብርት በላይ የሚደርስ ጂንስ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን በወፍራም ባለቀለም ላስቲክ አስረው። ወንዶቹ የሸሚዛቸውን ሦስት ቁልፍ ከፍተው የወርቅ ሰንሰለት። የሩስያ አሮጊቶች በአበባ ቀሚስ ይመጡና አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው ፍሬ እየቆረጠሙ ቀኑን ያሳልፋሉ። የእኛ ሴቶች ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ከሥሩ ነጭ የስፖርት ጫማ ያደርጋሉ፤ ልጆቻቸው ይጋልባሉ፣ እነሱ ከታች ሆነው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ይጮኻሉ። ካርቲስ መሸጫው ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ሁልጊዜ አንዱን ካሴት ነበር የሚዘፍነው፤ ልቅሶ የሚመስል ድምፅ ያለው ዘፋኝ፣ ጥላው ስለሄደች ልጅ። ዓርብ እኩለ ቀን፣ ለሰንበት ልንዘጋ ስንል ግን የእኛን ካሴት እንድናስገባ ይፈቀድልን ነበር፤ ከቴል አቪቭ የድሮው አውቶቡስ ጣቢያ የተገዛ፣ ክሩ ሁለት ቦታ የተቀጠለ የአማርኛ ዘፈን። ያን ጊዜ አያ ፈንታ መጥረጊያውን ይዞ እስክስታ ይወርድ ነበር። ሁለት እጁ እያለ።

አያ ፈንታ ከእኔ በስምንት ዓመት ይበልጣል። የመጣነው በአንድ አውሮፕላን ነው፤ አዲስ አበባ ስንጠብቅ ጎረቤት ነበርን፣ እዚህም ሲያሳርፉን በባሕሩ ዳር ሆቴል ውስጥ ክፍላችን ጎን ለጎን ሆነ። ጎንደር በአገሩ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ ሠርቶ ያደገ እጅ ነው። ዕብራይስጡ አልገባው ብሎ ነበር፤ ኡልፓን የተባለው የቋንቋ ትምህርት ቤት ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስኮቱን ያያል። ብረት ላይ ግን ማንም አይስተካከለውም። ሉና ፓርኩ ሠራተኛ ሲፈልግ አብረን ሄድን፤ እሱን ለጥገናና ለመጫኛው፣ እኔን ስምንተኛ ክፍል ስለደረስኩና ዕብራይስጥ ማንበብ ስለጀመርኩ ለመቆጣጠሪያው ወሰዱን። የተመደብንበት ጨዋታ ዕብራይስጡ የተራራ ባቡር ይለዋል። ስሙ ትልቅ ይሁን እንጂ ባቡር አልነበረም፤ ስድስት ሰው የሚይዝ ጋሪ ነው። ጋሪው ከጣቢያው ይወጣል፣ ሰንሰለት ጎትቶ ከፍታው ላይ ያወጣዋል፣ ከዚያ እየተንደረደረ ይወርዳል፣ ሁለቴ ይጠማዘዛል፣ መጨረሻ ላይ ፍሬን ይይዘውና ወደ ጣቢያው ቀስ ብሎ ይገባል። ከላይ ሲደርስ ባሕሩ ይታያል። ከእኛ ሰው ብዙው ባሕሩን ከዚያ ከፍታ ነው ደህና አድርጎ ያየው።

የአያ ፈንታ ሥራ ሰው ማውረድ፣ ሰው ማስቀመጥ፣ ጉልበታቸው ላይ የሚያርፈውን ብረት ማውረድና መቆለፉን ማየት ነው። ሲጨርስ እጁን ያነሳል፤ እኔ ከመቆጣጠሪያዋ የእንጨት ቤት ሆኜ አረንጓዴውን ቁልፍ እጫናለሁ። ብረቱን ሁለት ጊዜ ነበር የሚጎትተው። አንዴ ይጎትታል፣ ወደሚቀጥለው ወንበር ያልፋል፣ ከዚያ ተመልሶ ሁሉንም እንደገና ይጎትታል። የሴቶቹን ነጠላ ጫፍ ራሱ ሰብስቦ ጉያቸው ውስጥ ይከትላቸዋል፣ ጎማ እንዳይዘው። ጋሪዎቹን እንደ ከብት ነበር የሚያያቸው። ሲያልፉ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥና «የኋለኛው ግራ እግሯን አሟታል» ይለኛል፤ ሲፈታው በእርግጥም ኩሽኔታው አልቆ ይገኛል።

ጋሪው ዞሮ እስኪመለስ አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። ማውረዱና መጫኑም በአያ ፈንታ አሠራር ያንኑ ያህል ነው። መጀመሪያ ሲከፈት አንድ ጋሪ ብቻ ነበር፤ ጋሪው ሲጭን ሀዲዱ ባዶ፣ ጋሪው ሲዞር ጣቢያው ባዶ። በሰዓት ሃያ ዙር፣ በየዙሩ ስድስት ሰው፣ መቶ ሃያ። ሁለተኛው ጋሪ ሲመጣ አንዱ ሲዞር ሌላው ይጭናል፤ ሀዲዱም ጣቢያውም ሥራ አይፈታም፤ ሁለት መቶ አርባ ሰው ሆነ። ሜናሄሉ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ዳኒ የሚባል ወፍራም ደግ ሰው፣ ይሄን ሲያይ ሦስተኛ ጋሪ ገዛ። በሦስት ሦስት መቶ ስድሳ ይሆናል ብሎ ነው። አልሆነም። ሦስተኛው ጋሪ ዞሮ ይመጣና ከጣቢያው ደጅ ፍሬን ተይዞ ይቆማል፤ ውስጥ ያለው ገና እየጫነ ነዋ። ተሳፋሪዎቹ ብረቱ ጉልበታቸው ላይ እንደሆነ ፀሐይ ላይ ይጠበሳሉ። በሰዓት ያው ሁለት መቶ አርባ። ዳኒ ከሀዲዱ ሥር ቆሞ ራሱን ይይዛል። «ሦስት ገዛሁ፣ ሁለት ነው ያለኝ!» ይላል። በበዓል ቀን ወረፋው እስከ አሸዋው ይደርስ ነበር፤ ልጆች ያለቅሳሉ፣ አባቶች ካርቲሱን መልሱልን ብለው ይጣላሉ፣ ጥሎ የሚሄደውም ብዙ ነው።

አያ ፈንታ «ሦስተኛው ይቁም» አለኝ። «አንዱ ሲታመም የሚተካ ነው። እኔ በየቀኑ አንዱን ፈትቼ አያለሁ፣ ሁለቱ ይሠራሉ። ዕድሜያቸውም ይረዝማል።» ልክ ነበር። እኔም ልክ እንደሆነ አውቅ ነበር። ግን ነገሩ ራሴ ውስጥ ገብቶ አልወጣልኝ አለ። ምሳ ስበላ አስበዋለሁ፣ አውቶቡስ ላይ አስበዋለሁ። በካርቲስ ጀርባ ጽፌ አሰላዋለሁ። አንድ ቀን ታየኝ። ጥፋቱ የጋሪው አይደለም፣ የጣቢያው ነው። ጭነቱ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ወደ አርባ አምስት ሰከንድ ቢወርድ፣ ሁለት ጋሪ ሀዲዱ ላይ አንዱ ጣቢያ ውስጥ ሆኖ፣ በየአርባ አምስት ሰከንዱ አንድ ጋሪ ይወጣል። አራት መቶ ሰማንያ ሰው። እጥፍ! ወለሉ ላይ ቁጥር ይቀባል፤ ሰዉ ጋሪው ሳይመጣ በወንበሩ አንጻር ይሰለፋል። የሚወርደው በወዲያኛው በኩል ይወርዳል። ብረቱ አንዴ ብቻ ይጎተታል። ደጅ የቆመው ጋሪ ደግሞ ውስጥ ያለው መውጣት ሲጀምር አብሮ መግባት ይጀምራል፤ ያም ጥቂት ሰከንድ ያተርፋል።

ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ ለመናገር ያኔ ምን እንደነበርን ማወቅ ያስፈልጋል። አገሬ ላይ ደብዳቤ ሲመጣ ለመንደሩ የማነብ ሰው ነበርኩ። እዚህ ስመጣ የመቀበያው ቢሮ ጸሐፊ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቃሉን ቆራርጣ፣ ለሕፃን እንደሚነገረው ነው የምታናግረኝ። ኑሮ እንድታለማምደን የተመደበችልን ልጅ ሚስቴን ቧንቧ እንዴት እንደሚከፈት አሳየቻት፤ ለሦስተኛ ጊዜ። ማንም ምን ታውቃለህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። እና አንድ ቀን የማውቀው ነገር ተገኘ። ካርቲሱን ይዤ ዳኒ ቢሮ ገባሁ። ዕብራይስጤ ይንተባተባል፣ ቁጥሩ ግን አይንተባተብም። ዳኒ ወረቀቱን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየኝ። «ደርሶ፣ ይሄን ማን አስተማረህ?» አለኝ። «ማንም» አልኩት። ተነስቶ ትከሻዬን ያዘኝ፣ ጸሐፊዋን ጠራት፣ «ነይ እዪ፣ ይሄ ሰው ምን ያለ ራስ አለው!» አለ። ያን ቀን ከዚያ ቢሮ ስወጣ መሬቱን የረገጥኩት አይመስለኝም።

በሳምንቱ ቁጥሩ ተቀባ። እኔ አሕራይ፣ የጨዋታው ኃላፊ ሆንኩ፤ ሰማያዊ ጃኬት ሰጡኝ። ለአያ ፈንታ ሐሳቡ የእኔ እንደሆነ አልነገርኩትም። «ዳኒ አዟል» አልኩት። ብረቱን አንዴ ብቻ ጎትት ስለው አየኝና «አንዴማ ምን ይታወቃል?» አለ። «አርባ አምስት ሰከንድ ነው ያለን» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ ግን ታዘዘ። መጀመሪያ እንደ ተአምር ነበር። ወረፋው ቀለጠ። ልጆች ይወርዳሉ፣ ሮጠው ተመልሰው ይሰለፋሉ። ዳኒ ለሠራተኛው ሁሉ አይስክሬም ገዛ። አያ ፈንታ ግን እስክስታውን ተወ። ዓርብ ካሴቱ ሲገባ አጥሩ ሥር ተቀምጦ እጁን ያሻል። ቀኑን ሙሉ ቀና ብሎ አያውቅም፤ ጋሪ ይገባል፣ ጋሪ ይወጣል። አንዱን ፈትቶ ለማየትም ጊዜ የለውም፣ ሦስቱም ሀዲድ ላይ ናቸው። «የፍሬኑ ጫማ ሳስቷል» አለኝ አንድ ቀን። «ከበዓል በኋላ እናየዋለን» አልኩት።

በዓሉ ፔሳሕ፣ የአይሁድ ፋሲካ፣ ነበር። በበዓሉ መሐል ባሉት ቀኖች አገሩ ሁሉ ልጁን ይዞ ይወጣል፤ እንዲያ ያለ ሕዝብ በዚያ ቦታ አይተን አናውቅም። ጠዋት ከባሕሩ የመጣ ካፊያ ሀዲዱን አርሶት ነበር። ከቀትር በኋላ አንዲት ልጅ፣ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ኋለኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አያ ፈንታ ብረቱን አንዴ ጎተተ፣ እጁን አነሳ። እኔ አረንጓዴውን ተጫንኩ፣ ደጅ ያለውንም ጋሪ አብሬ ለቀቅኩት፤ እንደ ልማዳችን። ከዚያ አያ ፈንታ ልጅቷን ዞሮ አያት። ምን እንደታየው አላውቅም። ብረቱ ከፍ ብሎ ይሁን፣ የድሮ ልማዱ ይሁን። ጮኸ። ቀዩን ተጫንኩና ጋሪው ገና ንቅንቅ እንዳለ ቆመ። እሱ ተመልሶ በኋላ በኩል ጎንበስ አለ፣ ቀኝ ክንዱን አስገባና ብረቱን ቀጨም አድርጎ ቆለፈው። የኋለኛው ጋሪም በቀዩ መቆም ነበረበት። ፍሬኑ ያዘ፣ ተንሸራተተ፣ ያዘ፣ ተንሸራተተ። ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ሰው ተራምዶ ሊቀድመው ይችላል። አያ ፈንታ ግን ጀርባውን ሰጥቶት ነበር፤ ቀኝ እጁን ሳያወጣ በሁለቱ ጋሪ መሐል ያዘው። በሁለት ጋሪ ብንሠራ ኖሮ በዚያ ሰዓት ከኋላው ያለው ሀዲድ ባዶ ነበር።

ልጅቷ ምንም አልሆነችም። እናቷ ይዛት ስትሮጥ ትዝ ይለኛል። አያ ፈንታ አልጮኸም፤ ዝም ብሎ እጁን ያያል፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ። ሐኪሞቹ ከመዳፉ በላይ ቆረጡት።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድኩ። ሚስቱ እትዬ ዝና የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሆዷን ይዛ አልጋው ሥር ተቀምጣለች። አያ ፈንታ «ልጅቷስ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ደህና ናት» አልኩት። «ተመስገን» አለ። ነገ እመጣለሁ ብዬ ወጣሁ። በነጋታው ግን ዳኒ ቢሮ ጠራኝ። ክራቫት ያሰረ ሰው አብሮት አለ፤ ከመድን ድርጅት ነው አለኝ። ጠረጴዛው ላይ በዕብራይስጥ የተጻፈ ወረቀት ነበር። የሥራው ፍጥነት እንደ ወትሮው እንደነበር፣ ማንም ቸኩሉ እንዳላለን፣ ፈንታ በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት እጁን እንዳስገባ ይላል። «እንደ ወትሮው አልነበረም» አልኩ፣ ድምፄ እንኳ ለራሴ አልተሰማኝም። ዳኒ አላስፈራራኝም። እንዲያውም ዓይኑ እንባ አዝሎ ነበር። «ደርሶ፣ ከተዘጋ አርባ ሠራተኛ ሜዳ ላይ ይወድቃል። አንተም ገና አሁን ቤት ገዛህ። ሚስትህ ወልዳለች። ለፈንታ መንግሥት ይሰጠዋል፣ አይራብም» አለ። ደግሞም ሌላ ነገር አስቤ ነበር፣ ያን ለማንም ያልነገርኩትን። ፍጥነቱ ተቀይሮ ነበር ካልኩ፣ ማን ቀየረው ብለው ይጠይቃሉ። ኡልፓን በተማርኩት ፊደል፣ ጥንቅቅ አድርጌ ፈረምኩ። ሆስፒታል ተመልሼ አልሄድኩም።

አያ ፈንታ ሉና ፓርኩን ከሶ ተረታ። የሆነው ሁሉ ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ መውረድ ነው። ሦስተኛው ጋሪ እንዳይሠራ ታገደ፤ አዲሱ ጫኝ ብረት የማያውቅ ሰው ስለሆነ ሁለተኛውም በወራት ውስጥ ተበላሸ። በአንድ ጋሪ ቀረን። ወረፋው እንደገና አሸዋው ደረሰ፣ ከዚያ ሰዉ መቆም ሰለቸውና መምጣት ተወ፣ ከዚያ ወረፋም ጠፋ። አንድ ጋሪ፣ ሁለት ሰው ጭኖ፣ ባዶ ሀዲድ ላይ ይዞራል። ዳኒ ሸጦ ሄደ፤ ጋሪዎቹን ቁራጭ ብረት የሚሰበስቡ ወሰዷቸው። እኔ ፖሌግ፣ የኢንዱስትሪው ሰፈር፣ ዕቃ የሚያሽግ ፋብሪካ ገባሁና ጡረታ እስክወጣ እዚያው ቆየሁ። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ማሽኑ ሲቆም ለምን እንደቆመ አውቅ ነበር፤ አንድም ቀን ለአለቃ ሄጄ አልተናገርኩም። አያ ፈንታ ሌላ ሥራ አላገኘም። አንድ እጅ ያለው ቀጥቃጭ፣ ቋንቋ የማያውቅ፣ ማን ይቀጥረዋል? ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ ከሩቅ እንተያያለን። አንገቱን ዝቅ ያደርግልኛል፣ እኔም ዝቅ አደርጋለሁ፤ ሰው መሐላችን ይገባል።

ሲጋልን ካገኘኋት ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ራማት የዲዲም ሄድኩ። ያ ሰፈር ብዙም አልተለወጠም፤ ያው ባለአራት ፎቅ ቤት፣ ያው በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ከታች ያው ትንሽ ሱቅ፤ ባለቤቱ ብቻ ነው የተቀየረው። አውቶቡስ ላይ የምናገረውን ደጋግሜ አጠናሁት። እትዬ ዝና በሩን ስትከፍት ትንሽ ቆይታ ነው ያወቀችኝ። «ደርሶ? ምነው በሰላም? ማን ሞተ?» አለች። ማንም አልሞተም አልኳት። አያ ፈንታ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ሸምግሏል፤ ትከሻው ግን አሁንም የቀጥቃጭ ነው። የቀኝ እጅጌው ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። «ተቀመጥ» አለኝ፣ ትናንት የተለያየን ይመስል። እትዬ ዝና ሻይ አምጥታ ገባች። ስለ ጉልበት አወራን፣ ስለ ሐኪም ቀጠሮ አወራን።

«አያ ፈንታ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው የመጣሁት።»

«ስለ ወረቀቱ ከሆነ አውቃለሁ» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«ጠበቃው ያኔውኑ አነበበልኝ። ከሥር ስምህ አለ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምነው ምንም አላልከኝ?»

«ምን ልበልህ?» አለ፣ ሻዩን በግራ እጁ እያማሰለ። «መጀመሪያ ተናደድኩ። ሰው ሁሉ ፊት ልነግርብህ ነበር። ከዚያ ተቀመጥኩና አሰብኩት፤ ለማሰብ መቼም ጊዜ ነበረኝ። ሚስቱ አራስ ናት፣ ቤት ገዝቷል፣ ፈርቶ ነው አልኩ። ሰው ሲፈራ ይፈርማል። እኔም በአንተ ቦታ ብሆን ምን አውቃለሁ? ይሄን ካልኩ በኋላ ቀለለኝ። ለልጆቼ ክፉህን አንስቼ አላውቅም።»

እዚያ ላይ መነሳት ነበረብኝ። ያን ያህል አግኝቼ፣ እጁን ስሜ፣ ዳግመኛም እመጣለሁ ብዬ። ምናልባትም እመጣ ነበር፤ በረንዳው ላይ ሁለት ሽማግሌ ሆነን እንቀመጥ ነበር። ግን ከቤቴ የወጣሁት ሁሉንም ልናገር ነው። ካልተናገርኩት ያ ይቅርታ የእኔ አይመስለኝም።

«እሱ ብቻ አይደለም» አልኩ። «ሦስቱ ጋሪ አብሮ እንዲሄድ፣ ብረቱ አንዴ ብቻ እንዲጎተት... ያን ያሰበው ዳኒ አይደለም። እኔ ነኝ። እኔ ነኝ አስልቼ የሰጠሁት።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየኝ።

«ጠይቆህ ነው?»

«አልጠየቀኝም።»

«አስገድዶህ ነው?»

«አይደለም። ራሴ ሄጄ ነው።»

«እኔ ይቁም እያልኩህ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

መልሱን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አውቀው ነበር፤ አፌ ላይ ሲመጣ ግን ትንሽ ነገር ሆነ። «እንዲያከብሩኝ ብዬ» አልኩት።

ከታች ልጆች ኳስ እየተጫወቱ በዕብራይስጥ ይጯጯሃሉ። አያ ፈንታ ወደ እነሱ አየ። ሲናገር ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ለፊርማው ምክንያት አግኝቼልህ ነበር» አለ። «ዓመታት ፈጅቶብኛል፣ ግን አግኝቼልህ ነበር። ለዚህኛው ከየት ላምጣልህ? ጊዜም የለኝ።» ከዚያ በግራ እጁ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ተነሳ። ልረዳው እጄን ዘረጋሁ፤ አልፎኝ ወደ ውስጥ ገባና የመኝታ ቤቱን በር ከኋላው መለሰው።

እትዬ ዝና ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «ምነው፣ ሻይህን ሳትጠጣ?» አለችኝ። ልጄ ትጠብቀኛለች አልኳት። እስከ ደጁ ሸኘችኝ፤ «ሰላም በልልን፣ ደግሞ እንዲህ አትጥፋ» አለች፣ ምንም ሳታውቅ። በሩ ሲዘጋ ደረጃው ላይ ነበርኩ። በስስ በሩ ውስጥ ድምፅዋ ይሰማኛል። «ፈንታ፣ ምን ሆነህ ተኛህ? ምን አለህ ሰውዬው?» መልሱን ልስማ ብዬ ቆምኩ። እንደገና ጠየቀችው። አንድ ጎረቤት ዕቃ ተሸክሞ ወጣ፣ አለፈኝ፣ ሻሎም አለኝ። እኔ አሁንም ቆሜያለሁ። አልመለሰላትም።